የንግድ ሕጋችን ቃላትና የገበያው ልማድ
(ስለ ነጋዴ፣ ስለ ዋስ፣ ስለ ማኅበርና ስለ ኪሳራ የቀረበ የታሪክ ጥናት)

በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው ነፋስ ስልክ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ አካባቢ ከቆመው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ላይ ቃል የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ሕዝቡ ባየ ጊዜ የውጭውን ስም እንዳለ አልወሰደም፤ ቀድሞ ከለመደው ከስልክና ከጥንት ከሚያውቀው ከነፋስ ሁለት ቃላት አጋጥሞ የራሱን ስም አወጣለት። ከጎኑ ያለው ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ የአንድ ዓይነት ግራር ስም ነው። ዛሬ በአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ውስጥ ተጣምረው ከሚነበቡት ከነዚህ ሁለት ስሞች አንደኛው ከውጭ ለመጣ ነገር የወጣ፣ ሁለተኛው በቦታው ለነበረ ነገር የቆየ ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ ከሳሪስ እስከ ጎፋ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ በየመንገዱ ዳር የተሰቀሉትን የንግድ ቤት ሰሌዳዎች የሚያነብ ሰው ይህንኑ ሁለት ዓይነት አሰያየም ያገኛል። በሰሌዳው ላይ «አ/ማ» ወይም «ኃ/የተ/የግ/ማ» የሚሉ አጫጭር ጽሑፎች አሉ፤ በሰሌዳው ሥር ባለው ሱቅ ውስጥ ደግሞ ስለ ቀብድ፣ ስለ ዱቤ፣ ስለ ዋስና ስለ ቼክ ይነጋገራሉ። ከነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስናቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ የተወለዱ ናቸው፤ ሌሎቹም በዐረብ ወይም በፈረንሳይ ቋንቋ በኩል የገቡ ናቸው።

ስለ ንግድ ሕጋችን የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት አንቀጾቹ ከየትኛው የአውሮፓ ሕግ እንደ ተወሰዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ቃላቱን ነው። ለማስረዳት የምንወደውም ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ ሕጉ ከውጭ ያመጣውን አዲስ ሐሳብ በአሮጌ ቃል አለበሰው፤ ገበያው ደግሞ በበኩሉ የቀድሞውን ሐሳብ ሕጉ ባመጣው አዲስ ቃል አለበሰው። የሕጉን መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ በገበያ ብቻ የሚኖር ሰው የሚያውቀው ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ሁለቱ የሚገናኙትም ብዙውን ጊዜ በፍርድ ቤት፣ አንዱ ወገን ሀብቱን ወይም ነፃነቱን ሊያጣ በቀረበ ሰዓት ነው።

የቃላቱ ምንጮች

በአገራችን የተጻፈ ሕግ ከጥንት ጀምሮ በትርጉም የመጣ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የተባለ የግብፅ ቅብጣዊ ሊቅ በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ከሁለት ክፍሎቹ የመጀመሪያው ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ስለ ሥጋዊ ሥርዐት ይናገራል፤ በዚህ በሁለተኛው ክፍል ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ሽያጭና በንግድ ስለ መተባበር የተጻፉ አንቀጾች ይገኛሉ። ነገር ግን መጽሐፉ በግእዝ የተጻፈ፣ በትርጓሜ መምህራን የሚተረጐም፣ በነገሥታትና በመኳንንት ችሎት የሚጠቀስ ስለ ነበረ የገበያተኛው መጽሐፍ አልነበረም።

ገበያው የራሱ ቋንቋ ነበረው። ከቀይ ባሕር ወደቦችና ከሐረር በኩል ይመጣ የነበረው ንግድ በአብዛኛው በእስላም ነጋዶች እጅ ስለ ነበረ ሱቅ፣ ደላላ፣ ሐዋላ፣ ሽርክና፣ ቀብድና ኪሳራ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ገቡ። እንግዲህ ፍትሐ ነገሥትም የነጋዴው ቃላትም ሥራቸው ዐረብኛ ሲሆን የመጡበት መንገድ ግን የተለያየ ነው፤ አንደኛው በመጽሐፍ፣ ሁለተኛው በግመልና በበቅሎ መጣ። በነጋዴዎች መካከል ክርክር ሲነሣ ዳኛው ነጋድራስ ነበር። ነጋድራስ ቀረጥ ሰብሳቢም የነጋዴዎች ዳኛም ስለ ነበረ ፍርዱ የሚመሠረተው በልማድና በሽማግሌ ምስክርነት እንጂ በተጻፈ አንቀጽ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የንግዱን ሚኒስቴር የያዙት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ መሆናቸው የቀድሞው ሹመት በአዲሱ ሹመት ውስጥ እንደ ቀጠለ ያሳያል።

በዚሁ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተደረገው፣ በተዋዋዩ በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚጠራው ውል የውጭ አገር ዜጎች ክርክር በቆንስሎቻቸው ተካፋይነት እንዲታይ አደረገ። በዚህም ምክንያት በአዲስ አበባ ከሚኖሩት የውጭ ነጋዴዎች ጋር የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የማያውቃቸውን የሕግ ቃላት መስማት ግድ ሆነበት። ከሁለት ዓመት በፊት በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲንያ ባንክም ከባንክ ሥራ ጋር የተያያዙ ቃላትን ወደ ከተማው አመጣ። በ1925 ዓ.ም. ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ ኪሳራ ሁለት ሕጎች ታወጁ፤ ብዙም ሳይሠራባቸው የኢጣልያ ወረራ ደረሰ።

ሁለተኛው ታላቅ የትርጉም ዘመን በ1946 ዓ.ም. የሕግ አዘጋጅ ኮሚሲዮን ሲቋቋም ጀመረ። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነው። የንግዱን ሕግ ማርቀቅ የጀመረው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሞት ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸመው። ረቂቆቹ በፈረንሳይኛ ተጽፈው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ፤ ሁለቱም ሕጎች ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጀው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸኑ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎት ስለ ነበር ዳኛው የሚፈርደው በአማርኛው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አንድን የፈረንሳይኛ ሐሳብ በየትኛው አማርኛ ቃል እንደሚጠራው የመረጠው ተርጓሚ ሥራው የጸሐፊ ብቻ አልነበረም፤ በምርጫው ሕግ ይሠራ ነበር።

ነጋዴ

በግእዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ ለንግድም ሄደ ማለት ነው፤ «ነግድ»ም መንገደኛ፣ እንግዳ ማለት ነው። ስለዚህ በቀድሞው አስተሳሰብ ነጋዴ የሚባለው ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወረው ሰው ነበር። ሲራራ ነጋዴ ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ ጎንደር፣ ከዚያም ምጽዋ እስኪደርስ ድረስ ወራት ይፈጅ ነበር። በሄደበት አገር ሁሉ እንግዳ ስለ ነበረ የሚያውቀውና የሚዋስለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ የንግድና የዋስ ነገር ተያይዘው የኖሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

የ1952ቱ ሕግ በአንቀጽ 5 ነጋዴን የተረጐመው በመንገዱ ሳይሆን በሥራው ነው። በዚያ አንቀጽ ከተዘረዘሩት 21 ዓይነት ሥራዎች አንዱን የሙያ ሥራው አድርጎ ጥቅም ለማግኘት የሚሠራ ሰው ነጋዴ ነው ተባለ። በአንጻሩ ገበሬና የእጅ ሥራ ባለሙያ ከነጋዴነት ወጡ። በሕዝብ አነጋገር ግን የሸመነውን ኩታ ራሱ ገበያ አውጥቶ የሚሸጥ ሸማኔም ይነግዳል ይባላል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ ነጋዴ የተባለ ሰው የሒሳብ መዝገብ የመያዝና በንግድ መዝገብ የመግባት ግዴታ አለበት፤ በዚያ ሕግ መሠረት በኪሳራ ሊፈረድበት የሚችለውም ነጋዴ ወይም የንግድ ማኅበር ብቻ ነበር። ስለዚህ ራሱን ነጋዴ ብሎ የሚጠራ ሁሉ በሕግ ነጋዴ አልነበረም፤ ራሱን ነጋዴ ብሎ የማይጠራ ሰውም በሕግ ነጋዴ ሆኖ ሊገኝ ይችል ነበር።

ቀብድ፣ ወለድና ዋስ

ቀብድ ከዐረብኛ የመጣና መቀበልን፣ በእጅ ማድረግን የሚያመለክት ቃል ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ይህን የገበያ ቃል እንዳለ ተቀብሎ ጽኑ ውጤት ሰጠው፤ ቀብድ መሰጠቱ የውሉ መፈጸም ማስረጃ ነው፤ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው አጠፌታውን ይመልሳል። በገበያ ግን ከዋጋው ላይ ቀድሞ የሚከፈል ማናቸውም ገንዘብ ቀብድ ይባላል። አንድ ሰው ለሚያሠራው የቤት ዕቃ ግማሹን ዋጋ «በቀብድ» ከፍሎ ነገሩ ሳይፈጸም ቢቀር፣ የከፈለው የዋጋው ክፍል ነው ቢባል ይመለስለታል፤ በሕጉ አነጋገር ቀብድ ነው ቢባል ግን እንደ ጥፋቱ ወይ ሁሉን ያጣል ወይ እጥፍ ያገኛል። በደረሰኝ ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ትወስናለች።

ወለድ የሚለው ቃል ገንዘብን እንደሚወልድ ፍጥረት ይቆጥራል። የጥንት ግሪኮችም ወለድን «ቶኮስ» ሲሉት ልጅ ማለታቸው ነበር፤ አሪስጣጣሊስም ገንዘብ ገንዘብን መውለዱ ከተፈጥሮ ውጭ ነው ብሎ የነቀፈው በዚሁ ቃል ተመርኩዞ ነው። የእኛ ሕግ ልደቱን ፈቀደ፤ ነገር ግን ልክ አበጀለት። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ በሕግ የተወሰነው ወለድ በመቶ 9 ሲሆን ተበዳሪና አበዳሪ በብድር ውል ሊስማሙ የሚችሉት እስከ በመቶ 12 ድረስ ነው። ከዚህ አልፎ የተበዳሪውን ችግር መጠቀሚያ ያደረገ አበዳሪ ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ወጥቶ በወንጀል ሕግ «አራጣ» ይባልበታል። በዚህ ቦታ የሕጉና የገበያው ቃል በጣም ተቀራርበው ይገኛሉ፤ አራጣ በሕጉ ወንጀል እንደ ሆነ ሁሉ በሕዝቡም አፍ የነቀፋ ስም ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ታሪክ ያለው ዋስ ነው። በቀድሞው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ነገር ሲጀምሩ ዋስ ይጠሩ ነበር፤ ዋሱም ሰውየው በቀጠሮው እንደሚገኝ፣ የተፈረደበትንም እንደሚፈጽም በራሱ ላይ ይወስድ ነበር። ዋስ የሚሆነው የሥጋ ዘመድ፣ የአገር ልጅ ወይም ባለንጀራ ነው፤ ዋስ ያጣ ሰው ማለትም ወገን የሌለው ሰው ማለት ነው። የዋስነቱ መጠን በቍጥር አይነገርም፤ ዋሱ የሚያሲዘው አካሉንና ክብሩን ነበርና ለክብር ልክ አይወጣለትም። ዋስ ሁነኝ ተብሎ እንቢ ማለትም ወዳጅነትን ማፍረስ ነበር።

የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ስለ ዋስትና ሲደነግግ ያንኑ ቃል ያዘ፤ የውስጡን ነገር ግን ለወጠው። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት እንጂ በግምት አይወሰድም፤ ዋሱ የሚጠየቅበትም የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተወሰነ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ወሰን ያልነበረው የክብር ግዴታ በሕጉ በቍጥር የተወሰነ የገንዘብ ግዴታ ሆነ። ሕጉ ይህን ያደረገው ዋሱን ለመጠበቅ ነው፤ በልማዱ የሚመራ አበዳሪ ግን የገንዘቡን ልክ ሳያጽፍ «ለሚመጣው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ቃል ካስፈረመ በጣም የጸና ዋስ የያዘ ይመስለዋል። በሕጉ ዓይን ሲታይ ግን የያዘው ባዶ ወረቀት ነው።

አደጋው በዋሱም በኩል አለ። ተራ ዋስ የሆነ ሰው አበዳሪው አስቀድሞ በባለዕዳው ንብረት ላይ እንዲጠይቅ ሊያደርግ ይችላል። ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ዋስ ነኝ ብሎ የፈረመ ሰው ግን አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ሐረግ በብዙ ውሎች ላይ ይነበባል፤ ለፈራሚው የሚሰማው ግን የወዳጅነት ቃል ሆኖ ነው፤ አንድነት በአማርኛ የመልካም ነገር ስም ነውና። በሕጉ የዋለበት ፍቺ ከቃሉ መልካምነት ጋር ግንኙነት የለውም።

ማኅበር፣ ሰውነትና እሽሙር

ማኅበር «ኀበረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ አንድ ሆነ፣ ተባበረ ማለት ነው። የአገራችን ሰው በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ቀን በየወሩ እየተሰበሰበ ማኅበር ይጠጣል፤ በዕድር ይቀባበራል፤ በዕቁብ ገንዘቡን በተራ ያወጣል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ አባሉ የሚታወቀው በስሙና በፊቱ ነው፤ ቢሞት ቦታውን የሚወስደው ልጁ ነው፤ ዕቁብተኛም ዕጣው ሲወጣለት ዋስ ይጠራል።

የንግድ ሕጉ ይህን ቃል ወስዶ «የንግድ ማኅበር» አለ፤ በ1952ቱ ሕግ ስድስት ዓይነት ነበረ። በእርሱም ላይ አማርኛ ከዚያ በፊት እምብዛም ያላወቀውን ሐሳብ ጫነበት፤ ይኸውም ማኅበሩ ራሱ ከአባሎቹ የተለየ «የሕግ ሰውነት» ያለው መሆኑ ነው። ሰውነት በአማርኛ ገላ ማለት ነው። በነገረ መለኮት መምህራን ዘንድ አካል የሚለው ቃል ጥልቅ ትርጓሜ የነበረው ሲሆን የሕጉ ተርጓሚዎች እርሱን ትተው ሰውነትን መረጡ። በዚህም ምክንያት የማይበላ፣ የማይጠጣ፣ የማይሞት ነገር ገላ አለው ተባለ፤ ንብረት ያፈራል፤ ይከሳል፤ ይከሰሳል።

የአክሲዮን ማኅበር ቢያንስ አምስት አባሎች ይፈልግ ነበር፤ አባሎቹም መተዋወቅ አያስፈልጋቸውም። «አክሲዮን» የፈረንሳይኛ ቃል ሆኖ መቅረቱ ምናልባት ጥቅም ነበረው፤ ቃሉ እንግዳ ስለ ሆነ ሰሚው አዲስ ነገር መሆኑን ይረዳልና። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ግን ሁሉም ቃሉ አማርኛ ስለ ሆነ ሰው የገባው ይመስለዋል። ይህን ዓይነት ማኅበር ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1892፣ ፈረንሳዮች በ1925 በሕግ አቋቁመውት ነበር። በእኛም ሕግ ከ2 ያላነሱ ከ50 ያልበለጡ አባሎች እንዲኖሩት ተደነገገ።

በስሙ ውስጥ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው የማንን ኃላፊነት እንደሚያመለክት አለመታወቁ ነው። ማኅበሩ ራሱ ለዕዳው በንብረቱ ሁሉ ኃላፊ ነው፤ ኃላፊነታቸው የተወሰነው አባሎቹ ናቸው፤ ሰዋስዉ ግን የተወሰነው የማኅበሩ ኃላፊነት እንደ ሆነ ያስመስላል። ሁለተኛው «የግል» የሚለው ቃል ነው። ሕጉ በዚህ ቃል ማኅበሩ ለሕዝብ አክሲዮን የማይሸጥ መሆኑን ለማሳወቅ ፈለገ። በተለመደው አማርኛ ግን የግል ማለት የራስ ብቻ ማለት ስለ ሆነ ባለቤቱ የማኅበሩን ገንዘብ እንደ ራሱ ኪስ ቢቈጥር ስሙ ራሱ የፈቀደለት ይመስለዋል። የሕግ ሰውነት ከባለቤቱ የተለየ መሆኑን የሚረዳው ብዙ ጊዜ ግብር ሲጠየቅ ወይም ማኅበሩ ሲፈርስ ነው።

ከትርጉሙ ሥራ እጅግ የሚደነቀው እሽሙር ነው። በፈረንሳይ ሕግ ለሦስተኛ ወገን ሳይገለጥ በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ የሚኖር፣ የሕግ ሰውነትም የሌለው ማኅበር አለ። የእንግሊዝኛው ተርጓሚ ይህን «ጆይንት ቬንቸር» አለው፤ ይህም ቃል መደበቅን ፈጽሞ አያመለክትም። የአማርኛው ተርጓሚ ግን «እሽሙር ማኅበር» አለው። ቃሉ ከአሽሙር ጋር የተዛመደ ይመስላል፤ አሽሙር ደግሞ ጆሮ ላለው ብቻ የሚገባ፣ ተሸፍኖ የሚነገር ነገር ነው። ሳይታወጅ በውስጥ የሚሠራ ማኅበር በዚህ ስም መጠራቱ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የአማርኛው ተርጓሚ ሐሳቡን እንደ ጨበጠ ያስረዳል። ዳሩ ግን በዛሬ ጊዜ የውጭ ባለሀብቶችና የአገር ውስጥ ድርጅቶች በይፋ ለሚያደርጉት ኅብረት «ጆይንት ቬንቸር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ስለ ተለመደ፣ ይፋ የሆነው ነገር መልሶ በእሽሙር ስም ሲተረጐም ይታያል። ትክክለኛው ቃል ባልተስተካከለው ትርጉም ተሸነፈ።

መደብር

«የንግድ መደብር» ሲባል ሰሚው የሚያስበው ዕቃ የተደረደረበትን ቤት ነው። በ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 124 ግን መደብር ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ የሚያቆመውም በመጀመሪያ ደረጃ መልካም ዝናው፣ ማለት ደንበኞቹን የመሳብ ኃይሉ ነው። ቤቱ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መደብሩን ሸጠ የተባለው ነጋዴ የሸጠው ስሙን፣ ደንበኛውንና የኪራይ መብቱን ነው። በከተማችን ተከራይ ሱቁን ለተተኪው ሲለቅ ገንዘብ መቀበሉ የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱ ለማይታየው ነገር ዋጋ እንዳለው ከሕጉ ጋር ይስማማል። ቃሉ ግን የሚታየውን ቤት ስለሚጠራ የቤቱ ባለንብረትና ተከራዩ «የተሸጠው የእኔ ነው» ሲሉ ይከራከራሉ።

ቁራኛ፣ ኪሳራና ቼክ

በቀድሞ ዘመን ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች ይህን ሥርዐት አይተው ጽፈዋል። ሁለቱ ተሳስረው ይውላሉ፤ ዕዳው ተከፍሎ ወይም ዋስ ተገኝቶ እስኪፈቱ ድረስ አብረው ይቆያሉ። ቃሉ ዛሬም «የዓይን ቁራኛ» በሚለው አነጋገር ይኖራል። የቁራኛ ፍሬ ነገር ግን ከሰንሰለቱ በላይ ነው፤ የዕዳ መያዣው ንብረት ሳይሆን የሰው አካል ነው፤ ግንኙነቱም በአንድ ባለገንዘብና በአንድ ባለዕዳ መካከል ብቻ ነው።

የንግድ ሕጉ በዚህ ፈንታ ኪሳራን አመጣ። በአውሮፓ ቋንቋዎች የኪሳራ ስም ከኢጣልያንኛ እንደ መጣና የተሰበረ አግዳሚ ማለት እንደ ሆነ፣ ይኸውም ዕዳውን መክፈል ያቃተው ገንዘብ መንዛሪ የተቀመጠበት አግዳሚ ይሰበር እንደ ነበረ ይነገራል። የእኛ ቃል ግን ከዐረብኛ የመጣና ጕድለትን የሚያመለክት ነው። ሦስት ፍቺም አለው። በገበያ ኪሳራ ማለት ትርፍ ማጣት ነው፤ በፍርድ ቤት «ወጪና ኪሳራ» ሲባል የረታው ሰው ለሙግቱ ያወጣው ገንዘብ ነው፤ በንግድ ሕጉ ግን መክፈልን ያቆመ ነጋዴ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ንብረቱ በአንድነት ተይዞ ለገንዘብ ጠያቂዎቹ ሁሉ እንደየድርሻቸው የሚከፈልበት ሥርዐት ነው። ይህ ሦስተኛው ፍቺ ከቁራኛ ጋር ፈጽሞ ተቃራኒ ነው። በቁራኛ የቀደመ ያሥራል፤ በኪሳራ ግን የቀደመ አይጠቀምም፤ የሰውየውም አካል ከዕዳው ይለያል።

ሆኖም ሕጉ ነፃ ለማውጣት ያሰበበት ቃል በሕዝቡ ጆሮ የውርደት ስም ነው። ከሰረ የተባለ ሰው ገበያ ወጥቶ ሰው ፊት መቆም ያፍራል፤ ስለዚህ መክፈል ያቃተው ነጋዴ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ኪሳራውን ከማስታወቅ ይልቅ መሸሸግን ይመርጣል። በ1925 ዓ.ም. የታወጀው፣ በ1952ም የታደሰው የኪሳራ ሕግ በአንቀጾቹ ብዛት መጠን ያልተሠራበት ከዚህም የተነሣ ነው።

ቁራኛ ግን አልጠፋም፤ በሌላ ስም ተመለሰ። በሕጉ ቼክ ማለት ባንኩ ወረቀቱ እንደ ቀረበለት ወዲያውኑ እንዲከፍል የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ የዱቤ ወይም የመያዣ ሰነድ አይደለም። ለወደፊት ጊዜ ክፍያ ሕጉ ያዘጋጃቸው የሐዋላ ወረቀትና የተስፋ ሰነድ ናቸው። የአዲስ አበባ ነጋዴ ግን የተስፋ ሰነድን አብዝቶ አልተቀበለም፤ ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ ወደፊት የሚደርስ ቀን የተጻፈበት ቼክ ይቀበላል፤ «መያዣ ነው» ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በተስፋ ሰነድ ያልከፈለ ሰው በፍትሐ ብሔር ይከሰሳል፤ በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ቼክ የሰጠ ሰው ግን በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይቀጣ ነበር፤ በ1996ቱም የወንጀል ሕግ ይቀጣል። እንግዲህ ባለገንዘቡ በቼኩ የያዘው የባለዕዳውን የባንክ ሒሳብ ሳይሆን እንደ ጥንቱ የባለዕዳውን አካል ነው። በሰንሰለቱ ፈንታ ወረቀት ገባ፤ በችሎቱ ደጃፍ ፈንታ ወህኒ ቤቱ ቆመ። ገበያው አሮጌውን ሐሳብ ለአዲስ ቃል ማልበሱን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናገኝም።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በ1967 ዓ.ም. ታላላቆቹ ድርጅቶች ወደ መንግሥት እጅ ከገቡና በኋላም በወጡት አዋጆች የግል ጅምላ ነጋዴ ካፒታል በ300,000 ብር፣ የቸርቻሪው በ200,000 ብር ከተወሰነ ወዲህ የንግድ ሕጉ ብዙ ቃላት አንቀላፉ። ሕጉ ግን አልተሻረም፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግድ ሲከፈት ቃላቱ እንደ ነበሩ ተነሡ። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1243 የንግድ ሕጉን ታላላቅ ክፍሎች በአዲስ ተካ፤ ስለ ንግድ ወረቀቶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው የ1952ቱ ክፍል ግን ሳይሻር ቀረ። አዲሱ ሕግ ኪሳራ ከመፈረዱ አስቀድሞ ንግዱ እንደገና ተደራጅቶ የሚድንበትን መንገድ አስፋ።

ከቃል ታሪክ አንጻር ግን የሚያስደንቀው «ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው አዲስ ስም ነው። በቀድሞው ሕግ ሁለት አባል ግዴታ ስለ ነበረ ብቻውን የሚሠራ ነጋዴ ሚስቱን ወይም ዘመዱን በጥቂት ድርሻ በስም ብቻ ያስገባ ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን የማስመሰል ሥራ አስቀረ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ሊሆን ቻለ፤ ኅብረትን የሚያመለክተው ቃል ኅብረት ለሌለበት ነገር ዋለ። ቃሉ የሕግ ሰውነትን ብቻ የሚያመለክት እስከሚሆን ድረስ ከሥሩ ተነቀለ ማለት ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትናቸውን ቃላት በሦስት ወገን ልንመድባቸው እንችላለን። የመጀመሪያው ወገን ስማቸው አሮጌ ፍቺያቸው አዲስ የሆኑት ናቸው፤ ነጋዴ፣ ዋስ፣ ማኅበር፣ መደብርና ኪሳራ ከዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ወገን ስማቸውም ፍቺያቸውም እንግዳ ሆኖ የገባው ነው፤ አክሲዮን ከዚህ ይቈጠራል። ሦስተኛው ወገን ስማቸው እንግዳ ሆኖ ገበያው አሮጌ ፍቺ የሰጣቸው ናቸው፤ ቼክ ዋነኛው ነው። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያውና በሦስተኛው ወገን ነው፤ ሁለተኛውን የማያውቅ ሰው አለማወቁን ስለሚያውቅ ይጠይቃል፤ የቀሩትን ግን ያወቃቸው ስለሚመስለው ሳይጠይቅ ይፈርማል።

ስለዚህ የንግድ ሕግ ቃላትን መዝገብ ማዘጋጀት ለሕግ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ነገር ጎን ለጎን ሊጻፍለት ይገባል፤ በልማድ የነበረው ፍቺ፣ ሕጉ የሰጠው ፍቺና ዛሬ በገበያ የሚሠራበት ፍቺ። ሦስተኛውን የሚያገኘው ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ ከደላላና ከዕቁብ ሰብሳቢ ጋር ተቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ይህም የባህል አጥኚ ሥራ ነው። ጊዜውም እያለፈ ነው፤ ቁራኛን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች እያነሱ ሄደዋል፤ የቀድሞው የነጋድራስ ዳኝነት ልማድም በቃል የቀረው ጥቂት ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ውል የሚያዋውልና ውል የሚጽፍ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ፈራሚው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ዋስ ስትሆን እስከ ስንት ብር ነው? ባለዕዳው ሳይጠየቅ አንተ ልትከሰስ እንደምትችል አውቀሃል?» ብሎ በተራ አማርኛ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ዝም ከተባለ ግን መልሱን የሚሰጠው ዳኛው ነው።